የምታማው ያጣች እናት

እልል በሉልኝ! አማት ተወለደች! ክብደቷ ሰማንያ ኪሎ፣ ዕድሜዋ ስድሳ አንድ፣ ጥርሷ አንድም ሳይጎድል፣ ምላሷም ከጥርሷ የባሰች። ሕፃን ሲወለድ ቅመም የገባበት የሩዝ ገንፎ ለጎረቤት ይታደል የለ? ለዚህችም ቢታደል አይበዛባትም፤ ምጡ አራት ዓመት የፈጀ ነውና። ማን ናት አትሉኝም? ቆዩ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ፤ እነግራችኋለሁ።

ስሟ ወጂሃ ነው። እዚህ ዓይን ወርዳ መንደር ውስጥ ግን ወጂሃ ብሎ የሚጠራት አይገኝም። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ የወለደች ሴት የራሷን ስም አስቀምጣ በልጇ ስም ትኖራለች፤ ስለዚህ ኡም ናዲም ናት፣ የናዲም እናት። ባሏ ከቤይሩት ወደ ተራራው የሚወጣ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ከሞተ ሰንብቷል። ከዚያ ወዲህ በለስ እያደረቀች፣ ወይራ እየጨመቀች፣ ደበርጃን እየሞላች ራሷን ችላ ኖራለች። ደበርጃኗማ! አውራ ጣት የምታህለውን መርጣ ትቀቅላለች፤ ጨው ነስንሳ፣ ድንጋይ ጭና ውኃዋን ታስወጣለች፤ ከዚያ ሆዷን ሰንጥቃ ገውዝ የሚባለውን ቅርፊታም ፍሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ቃሪያ ትሞላትና በወይራ ዘይት ታሰጥማታለች። መክዱስ እንለዋለን። ለእሷ መክዱስ ብለው ከቤይሩት ድረስ መኪና አስነስተው የሚመጡ አሉ። በሙያ በኩል ኡም ናዲምን የሚነካት አልነበረም።

ሙያ የማያስታግሰው አንድ ሕመም ግን ነበረባት፤ ትቀናለች። የምትቀናው ደግሞ በወርቅ ወይም በቤት ቢሆን አንድ ነገር ነው። እሷ የምትቀናው በሰው ምሬት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየጠዋቱ በጎረቤታችን በኡም ረቢዕ በረንዳ ላይ ተሰብስበን መቴ የሚባለውን የቅጠል መጠጥ በቅል እንጠጣለን። ቅሏ አንድ፣ የብረት መምጠጫዋም አንድ ናት። ኡም ረቢዕ ደረቁ ቅጠል ላይ ሙቅ ውኃ ትጨምራለች፣ መምጠጫውን በሎሚ ልጣጭ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ለባለ ተራዋ ታቀብላለች። ቅሏን የያዘች ትናገራለች፣ ሌላው ይሰማል። የሚነገረውም ያው የታወቀው ነው፤ የምራት ሐሜት።

«የኔዋ ምስር ወጥ ውስጥ ስኳር ጨመረች» ትላለች ኡም ረቢዕ። «ስኳር! ልጄ ደግሞ ቃል ሳይተነፍስ በላው።»

«ስኳርስ ደግ ነው» ትላለች ኢንዓም፤ ከማዶ ቤት የምትኖረው፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነው። «የኔዋ ልብስ ዛሬ አጥባ ነገ ነው የምታሰጣው። ቤቱ የረጠበ ውሻ፣ የረጠበ ውሻ ይሸታል።»

ከዚያ ቅሏ ኡም ናዲም እጅ ትገባለች፤ ወሬውም እዚያው ይሞታል። ቅሏን ብቻ ትመጥጣለች። ሴቶቹም ዓይናቸውን ወደ ማዶው ተራራ ይመልሳሉ፤ ተራራውን ትናንት የመጣ ይመስል ያዩታል። ሁሉም ያውቃል። ናዲም ቤይሩት ውስጥ ከአንድ ወንድ ጋር እንደሚኖር፣ ሰውየው «የቤት ኪራይ ተጋሪው» እንደሚባል፣ ኪራይ ለመጋራት ደግሞ ይህን ያህል ዓመት እንደማያስፈልግ ያውቃሉ። መንደር የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ መኖር ይችልበታል።

አቤት፣ ያቺ ምስር ውስጥ የገባች ስኳር ኡም ናዲምን እንዴት አንገበገበቻት! እነሱ ስኳር አላቸው፣ የረጠበ ልብስ አላቸው፣ ስልኳን እንጂ ልጇን የማታይ ምራት አላቸው። ጠዋት ጠዋት እንደ ንግሥት ተቀምጠው ያማርራሉ። እሷ የምታማው የላትም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ደረጃውን እየወረደች «ስኳር!» ትላለች ለራሷ። «እኔ ብሆን በስኳሩ ብቻ አንድ ወር አወራበት ነበር።»

ናዲም የነገራት የዛሬ አራት ዓመት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ። እሷ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እሱ በቢላ ጫፍ ከጥፍሩ ሥር ግራሶ ያወጣል፤ መካኒክ ነው፣ ቤይሩት የአውቶቡስ ጋራዥ አለው።

«እማ፣ እኔ ሚስት አላገባም።»

«ማን ዛሬ አግባ አለህ?»

«ዛሬም፣ ነገም። የምወደው ወንድ ነው። ሸውቂ ይባላል። አብረን ነው የምንኖረው።»

«በሩን ዝጋው፣ ነፋስ ይገባል» አለችው።

በሩ ዝግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያላደረገችው የለም። አለቀሰች፤ ቤይሩትን ረገመች፤ ከመንደራችን በላይ ወዳለው መቃም፣ ወደ ቅዱሱ ሰው መቃብር፣ ሄዳ «ልጄን መልስልኝ» ብላ ዘይት ተሳለች። አንድ ክረምት ሙሉ «ዓይንህን እንዳላየው» ብላ አስቀረችው፤ ክረምቱን ሙሉም በመስኮት ስታየው ከረመች፤ መንገዱን ማለቴ ነው። በመጨረሻ ታረቁ፤ ዕርቁ ግን አጥር ነበረው። እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ብቻውን ይመጣል፣ የዚያ ሰው ስም በቤቷ አይነሳም።

ግን ስም በአጥር ይታገዳል? እሁድ ሲመጣ የናዲም ሸሚዝ ተተኩሶ አንገቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሷ ስትተኩስለት እንዲያ ቆሞ አያውቅም። «ልደርብልህ?» ብላ ሾርባ ስታቀርብ፣ «በቃኝ፣ ጠዋት ቤት በላን» ይላል። በላን! ያቺ «ን» ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ትቀራለች። መጀመሪያ ላይ የሚያሳርራት ኀፍረት ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል የሚለው። ዓመት ዓመትን ሲገፋ ኀፍረቱ እንደ አሮጌ ጨርቅ ሳሳና ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ አለ። ልጄን ማን እያበላው ነው? ሲያመው ማን እያስታመመው ነው? ከእኔ የተሻለ ነው እንዴ?

እና አንድ ቀን ጠዋት፣ ኡም ረቢዕ ምራቷ የገዛችውን መጋረጃ አምታ አምታ ስትጠግብ፣ ቅሏ ኡም ናዲም እጅ ገባች። ሳታስበው አፏ ተከፈተ።

«የኔዋስ!» አለች።

አንገት ሁሉ ዞረ።

«የኔዋ ማለት?» አለች ኢንዓም።

«የናዲም እጮኛ። ያለችው ቬንዙዌላ ነው፣ ካራካስ። በስልክ ሳናግራት ታዛጋለች። አማቷን እያናገረች ታዛጋለች!»

አቤት የደስታዋ ደስታ! የመቴው ሙቀት እስከ እግር ጣቷ ወረደ። ሌላ አገር ቢሆን ይህች ውሸት ዓመት ትኖር ነበር። እኛ ድሩዝ የተባልን ሃይማኖት ልጆች ግን ጥቂቶች ነን፤ ከእኛ ወጥተን አንጋባም፤ ከዚህ ተራራ እስከ ካራካስ ድረስ ያለው ሁሉ የአንዱ የአክስት ልጅ ነው። ነጭ መሸፈኛዋን ከአፏ የማትለየው ሸይኻ ነጅላ፣ የሃይማኖት ሰውና ከእኛ ሁሉ ትልቋ፣ ወዲያው ጠየቀች።

«የማን ልጅ ናት?»

«የ... የነ አቡ ፈዋዝ።»

«የትኛው አቡ ፈዋዝ?»

«ሸይኻ፣ ውኃው እየቀዘቀዘ ነው» አለች ኡም ናዲም።

ሳምንት ሳይሞላ የኡም ረቢዕ እኅት ካራካስ ውስጥ ያለውን የድሩዝ ቤት በስልክ አዳረሰችው። አንዳችም የምታዛጋ ልጅ አልተገኘችም። ኡም ረቢዕ ክፉ አይደለችም፤ ነገሩን በለስላሳ ልታሳልፈው ሞከረች።

«ያቺ የካራካሷ ልጅ ጠፋች እኮ፤ ምናልባት ቤት ቀይራ ይሆናል።»

«ምናልባት ጢም አብቅላ ይሆናል!» አለች ኢንዓም።

ሳቁ ከአንዷ አፍንጫ ወደ ሌላዋ አፍንጫ ዞረ። ኡም ናዲም ቅሏን አስቀምጣ ተነሳች፤ ደረጃውን ወረደች። ጢም ያለችው ቆረጣት፤ ከዚያ በላይ የቆረጣት ግን ኢንዓም ያንን ብላ እንደገና ስለ ምራቷ ማማረሯን መቀጠሏ ነው። ከኋላዋ ተሰማት፤ የረጠበ ልብስ፣ የረጠበ ውሻ...

ወሬው ቤይሩት ለመድረስ አውቶቡስ አልጠበቀም። ናዲም ማታውኑ ደወለ።

«እማ፣ ካራካስ እጮኛ አለችኝ አሉ። ለመሆኑ ቆንጆ ናት?»

«አፈር ስሆን ናዲም፣ እኔ እኮ...»

«ስለሌለች ልጅ በሰው ፊት ታወሪያለሽ። ያለውን ሰው ስሙን አትጠሪም። እኔ ደክሞኛል እማ። ለበዓል ሁለታችን እንመጣለን፤ ያለዚያ ማናችንም አንመጣም።»

«በዓሉን ተወው፣ እሁድ ና፣ እንነጋገራለን።»

«እሁድም ቀርቷል። ስንመጣ በቀን ነው፣ በዋናው መንገድ፣ በኡም ረቢዕ በረንዳ ፊት። እንደ ሌባ በጓሮ አላስገባውም። አንቺ ስትፈልጊ ደውይ።»

አልደወለችም። እሁድ መጣ፣ ናዲም አልመጣም። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ዒድ እየቀረበ ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ቅቤና ስኳር ያቦካል፣ የአውራ ጎዳናው መኪና ልጆቹን እያመጣ በየደጁ ያራግፋል። በጎረቤት ደጅ የቆመ መኪና ሁሉ እሷ ደረት ላይ የቆመ መሰላት። «ለበዓል ልጄ ካልመጣ» አለች ለባዶው ወጥ ቤት፣ «ከእንግዲህም አይመጣም።» ይህን ታውቅ ነበር። አንድ ልጅ ነው ያላት።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው የአውቶቡሱ ሹፌር ደጇ ላይ ጡሩምባ ነፋ። «ናዲም የላከው» ብሎ አንድ የመስታወት ማሰሮ ሰጣት። የራሷ ማሰሮ ነው፤ አምና መክዱስ ሞልታ የላከችለት። በእኛ ደግሞ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ባዶ ዕቃ የመለሰ ቤት ባለጌ ቤት ነው። ክዳኑን ከፈተች። ውስጡ መክዱስ ነው!

ለቀባሪው አረዱት ይሏችኋል ይህ ነው። ለኡም ናዲም መክዱስ! ናዲም ደበርጃንና ዱባ የማይለይ ልጅ ነው፤ ማን እንደሠራው ግልጽ ነበር። ሹፌሩ ዞር እንዳለ አንዷን በሹካ አውጥታ ሸተተች፤ ዘይቱ ጥሩ ነው፤ ይሁን፣ ዘይት የተገዛ ነው። ነከሰች።

ወጥ ቤቱ መሀል ቀጥ ብላ ቆመች።

ሁለተኛ አወጣች፤ ለማረጋገጥ። ገውዙን በእሳት ጠበስ አድርጎታል። ደግሞም ጠብታ የሮማን ጭማቂ፣ ተፈልቶ የወፈረ፣ ከቃሪያው ጀርባ ተደብቆ፣ ልክ ጠፋ ስትሉ ምላስ ላይ ይመለሳል። ሦስተኛ አወጣች። ይጣፍጥ ነበር። ከእሷ ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር! ቅናት እንደ ቃር ከሆዷ ተነስቶ ጆሮዋን አጋላት። ማሰሮው እስኪጋመስ በላች፤ እየበላች ሰደበችው፤ እየሰደበችው በላች። «ልጄን የወሰድክ አነሰህና ደበርጃኔን ትወስዳለህ?» አለችው ማሰሮውን።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ ፊቷ እንደ ድስት ክዳን ይንቀጠቀጥ ነበር። ኡም ረቢዕ ምራቷን ጀምራለች፤ የበዓሉን ብስኩት ከሱቅ ገዝታ መጣች፤ ከሱቅ! በዚህ ዕድሜዋ የሱቅ ብስኩት ልትበላ ነው። ቅሏ ኡም ናዲም ዘንድ ደረሰች። እንደ ልማዷ አልመጠጠችም። በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘቻት።

«የኔን ደግሞ ስሙኝ! ገውዙን ይጠብሰዋል! ገውዝ ይጠበሳል? እናንተ እናቶች ናችሁ፣ ፍረዱኝ! የልጄን ሸሚዝ አንገቱን ያደርቀውና ልጄ ምስማር እንደዋጠ ሰው ነው የሚሄደው። ጉንፋን ሲይዘው ዝንጅብል ያጠጣዋል አሉ። እኔ ያን ልጅ በጦስኝ ነው ያሳደግኩት! ደረቱ ጦስኝ ነው የሚያውቀው! አሁን ደግሞ በገዛ ማሰሮዬ፣ በገዛ ማሰሮዬ መክዱስ ይልክልኛል! ሮማን ጨምሮበት! ሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ሄዶ ሒሳቡን አያስተምርም? ሸውቂ ሸውቂ ሸውቂ! በቤቴ ስሙ እንዳይነሳ ብከለክልም ከራሴ አይወጣም። እኔ ይህን ሰው ምን ላድርገው?»

ሸይኻ ነጅላ መሸፈኛዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ኡም ናዲም ምን እንዳለች ያን ጊዜ ገባት፤ ስሙን በጠራራ ፀሐይ ጮክ ብላ ጠርታዋለች። ፊቷ ዓመድ መሰለ። ግን ንዴቷ ገና አልወጣላትም ነበርና ቅሏን አልለቀቀችም።

«ስለማን ነው የምታወሪው?» አለች ኢንዓም።

«ስለ ሸውቂ።»

«ሸውቂ ምንሽ ነው?»

«ልጄ የመረጠው ነው። እኔ አልመረጥኩትም። አንቺ የልጅሽን ሚስት መርጠሻት ነው?»

«ያ አላህ! ይህ ነውር ከእኛ ምራቶች እኩል ቁጭ ብሎ ሊታማ ነው?»

«እኩል ነው!» አለች ኡም ናዲም። «የእናንተዋ ምስር ውስጥ ስኳር ጨመረች፣ የኔው ገውዝ ጠበሰ። የእናንተዋ ልጃችሁን ወሰደች፣ የኔው ልጄን ወሰደ። እናንተ በዓሉን ከነልጆቻችሁ እያማረራችሁ ታሳልፋላችሁ፤ እኔ ልጄ ከዚህ ሰው ጋር ካልሆነ አልመጣም ብሎኛል፤ እኔም እዚህ ተቀምጬ ተራራ አያለሁ። ምን አጠፋሁ? የማማው ቢኖረኝ ምናለበት?»

ኢንዓም ብድግ አለች። «እኔ ከዚህ በኋላ ከዚህች ቅል አልጠጣም» ብላ ነጠላ ጫማዋን እያንጣጣች ወረደች። ማንም ተመለሽ አላላትም፤ ማንም ግን ኡም ናዲምን ቀና ብሎ አላየም። ቅሏ አሁንም በእጇ ናት። በዚህ መንደር ሰው ከመቴ ሲገለል በቃል አይነገረውም፤ ቅሏ ብቻ ታልፈዋለች። አፍሳሿ ኡም ረቢዕ ናት። ሁላችንም እጇን እናያለን።

ኡም ረቢዕ እጇን ዘረጋች።

«ቅሏን ይዘሽ ቀረሽ እኮ። ጠጪና አቀብይ፤ እኛም ጉሮሮ አለን።»

ኡም ናዲም መጠጠች፤ ቅሏ እስክታንጎራጉር ድረስ። ኡም ረቢዕ ተቀበለች፤ መምጠጫውን በሎሚ ልጣጩ አንድ ጊዜ ጠረገች፤ እንደ ሁላችንም አንድ ጊዜ፤ ውኃ ጨመረችና ለሸይኻ ነጅላ ሰጠች። አሁን ደግሞ ሁሉም ሸይኻን ማየት ያዘ።

ሸይኻ መሸፈኛዋን ዝቅ አደረገች።

«የማን ልጅ ነው?»

«የነ መርዒ ቤት። ከባዕቅሊን።» ይህን ጊዜ አልተንተባተበችም።

«ከእኛው ነው?»

«ከእኛው ነው።»

«እናቱ ሐያት ናት? አጭሯ፣ አንካሳዋ?»

«እሷው ናት ይላሉ።»

«እንግዲያ ምን ያስገርምሻል? እነዚያ ገውዝ መጥበስ ድሮም ያውቁበታል። የሐያት አማት በቅናት ነው የሞተችው፤ ቀብሯ ላይ ነበርኩ።» አንዷ በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ሸይኻ ግን አልሳቀችም። «ወጂሃ፣ እኔ ይህ ነገር አይገባኝም። ገብቶኛል ብዬ አልዋሽሽም። ግን በበዓል ቀን ልጅ ከእናቱ ደጅ ተመልሶ ቢሄድ፣ ያ የማን ሥራ እንደሆነ ይገባኛል።» ይህን ብላ መጠጠች።

በቃ፤ ግድቡ ተጣሰ። «ገውዙን ስንት ያህል ነው የሚጠብሰው?» አለች አንዷ። «ሮማኑን ከመሙላቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለች ሌላዋ። ኡም ረቢዕ ግን ሌላ ነገር ነበር የከነከናት።

«ቆይ፣ ቆይ። ሸሚዙን እሱ ራሱ ነው የሚተኩሰው?»

«በየሳምንቱ።»

«አንገቱን ሁሉ?»

«ምስማር ነው አልኩሽ እኮ።»

«የኔዋ ካውያ በእጇ ይዛ አታውቅም! ልጄ ተጨማድዶ እንደ በለስ ነው የሚውለው! ሒሳብ ያስተምራል፣ ይተኩሳል፣ መክዱስ ይሠራል፣ አንቺ ደግሞ መጥተሽ ታማርሪያለሽ? ኧረ አላህን ፍሪ! እንኳን ደስ ያለሽ፣ አማት ሆነሻል፤ ያውም የማታመሰግን አማት!»

አያችሁ፣ ኡም ረቢዕ ቀናች! ኡም ናዲም ይህን ስታይ ያለቀሰችው ለቅሶ... ሳቅም ነበረበት። ቅናት የያዘው ሰው ሲቀኑበት እንደሚድን ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ለጊዜው ቢሆንም።

ወዲያው ደወለች፤ እዚያው በረንዳው ላይ፣ እኛ ሁላችን ጆሯችንን ቀስረን።

«ናዲም፣ ለበዓል ኑ።»

«ኑ?»

«ኑ። ሁለታችሁም። በዋናው መንገድ። ግን ለዚያ ሰው ንገረው፤ መክዱስ ይዞ እንዳይመጣ። በኔ ቤት ሁለት መክዱስ አይቀርብም።»

ናዲም አንድ በር ሲዘጋ ሰማን። ከዚያ «እማ፣ እየቀናሽ ነው እንዴ?» አላት።

«ማን? እኔ? ዝጋ ስልኩን፣ ገንዘብ ይቆጥራል!»

በበዓሉ ጠዋት የናዲም መኪና በዋናው መንገድ ወጣች። ሸውቂ የተባለው ሰው ራሰ በራ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ከመኪናው ሲወርድ የገዛ ቀበቶው በር ላይ የተያዘበት ሰው ነው። ኡም ናዲም ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ሸሚዙ አንገቱ ቀጥ ብሏል፤ እሷም ከንፈሯን ነከሰች።

«እንኳን አደረሰዎት፣ እትዬ» አላት።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ከሲታ ነህ፤ ትበላለህ? ወይስ ለሰው ብቻ ነው የምትሠራው?»

«የእርስዎን ነው ለመሥራት የሞከርኩት» አላት። «ናዲም የእርስዎ ይበልጣል አለኝ።»

ይህ ልጅ ሒሳብ ያውቃል ያልኩት ያኔ ነው! ኡም ናዲም ፊቷን ወደ ናዲም አዞረች፤ ናዲም ሰማዩን አየ። ውሸት ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አልተጣራም። እሷ ግን ክንዱን ይዛ እስከ በረንዳው ድረስ ወሰደችው፤ ኢንዓም በማዶው መስኮት መጋረጃዋን ገልጣ እያየች።

ቅል ባገሩ ደንጊያ ይሰብራል ይባል የለ? ቅሏ ዞራ ሸውቂ ዘንድ ስትደርስ ኡም ናዲም ዓይኗን ከሎሚው ልጣጭ አልነቀለችም። ኡም ረቢዕ አንድ ጊዜ ጠረገች። ሁለት አይደለም፤ አንድ። ሸውቂ ተቀበለ፤ እስከ መጨረሻው መጠጠ፤ ቅሏ አንጎራጎረች፤ መለሰ። ናዲም ትከሻው ወረደ፤ ከአራት ዓመት በፊት ወጥ ቤት ውስጥ የተሸከመውን አሁን እንዳወረደ ሰው። ከዚያ ሸይኻ ነጅላ ስለ ሐያት አማት ቀብር አንዲት ቀልድ ተናገረች፤ ናዲም ሳቀ፤ ሲስቅም መጀመሪያ ያየው ሸውቂን ነው። እናቱን አይደለም፤ ሸውቂን። ኡም ናዲም አየችው። ወንበሯን ጎትታ፣ ገጭ፣ በሁለቱ መሀል ገባች።

«ሞቆኛል» አለች። «እዚህ ነፋስ አለ።»

ሁሉም አልተስተካከለም፤ አልዋሻችሁም። ኢንዓም እስከ ዛሬ አልተመለሰችም፤ ወንበሯ ባዶ ነው። ከታች ሱቅ ደጃፍ የሚቀመጡት ወንዶች ናዲም ሲያልፍ ወሬ ያቆማሉ፤ ሰላምታውን የሚመልሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ግን እሁድ ሲሆን ሁለት ሰው ይመጣል፣ በዋናው መንገድ ይመጣል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ኡም ናዲም ከሁላችን ቀድማ በረንዳው ላይ ትገኛለች፤ ቅሏ እስክትደርሳት አትታገሥም። አሁን አሁን ከአፏ ማስጣል ነው ያቃተን። ዛሬ ያመጣችው ደግሞ የባሰ ነው፤ ሸውቂ ለናዲም የሱፍ ኮፍያ ገዝቶለታል፣ እሷ በገዛ እጇ የሠራችለት ኮፍያ እያለ፣ ያውም ሰማያዊ...

እንግዲህ ቀሪውን ከራሷ ስሙት፤ እኔ ጫማዬን እየፈለግሁ ነው። ከታችኛው ሰፈር ሂያም አለች፤ ሴት ልጇ አማን ከተማ ከአንዲት ሴት ጋር ትኖራለች፣ የልጆች ወሬ በተነሳ ቁጥር ሂያም ጎንበስ ብላ የቀሚሷን ቁልፍ ትፈታለች፣ ትቆልፋለች። ይህን ወሬ አልሰማችም። ከእኔ በፊት ማንም እንዳይነግራት! ቅሏ ከደረሰች ተራዬን ለሸይኻ ስጡልኝ፤ ሄድኩ።